የኔታና የአልጋዬ ሥር እንጉዳይ

እናንተዬ፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው እጅ ላይ ስልክ ባይገባ መልካም ነበር። ይህን የምለው በማንም ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ደርሶ ነው። እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። የታሪክ መምህር ማለት ደግሞ ያለፈውን ሁሉ እያወቀ ነገ የሚደርስበትን የማያውቅ ሰው ማለት ነው። ባውቅማ ኖሮ አማቴን፣ ያን የመሰሉ የተከበሩ ሊቅ፣ በነሐሴ ዝናብ አስፋልት ለአስፋልት ባላባረርኩ! ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ራሴን አዞር ሲያደርገኝ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ትዕግሥት ክንዴን በዚያ በሚነፋ ጨርቅ ጠፍራ ለካችኝና ፊቷን ቅጭም አደረገችው። ሲስተር ትዕግሥት የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ፈተና ላይ ሳጨናንቃት የኖርኩት ልጅ አሁን በተራዋ ውጤት ስትነግረኝ ያለውን ስሜት የደረሰበት ያውቀዋል።

«ቲቸር፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል። ጨው ይቀንሱ። ቅቤና ጥሬ ሥጋ ይቀንሱ። ባጃጅ ይተዉና በእግርዎ ይሂዱ። ይቺን ኪኒን ደግሞ በየቀኑ፣ ሳያቋርጡ!»

ከሁሉም የቀለለኝ ኪኒኗን መዋጥ ስለነበር እሱን ጀመርኩ። ስለ ቀሪው ትእዛዝ ግን ስልኬን ላማክር ወሰንኩ። ስልክ ደግሞ አማካሪ ሳይሆን ደላላ ነው። አንድ ጊዜ «ግፊት የሚያወርድ ምግብ» ብዬ ብጠይቀው፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ ብቅ አለና «እንጉዳይ!» አለኝ። እንጉዳይ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ኮሌስትሮል ያወርዳል፤ የሰውነትን ዘብ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል፤ ሌላም ስሙ ምላስ የሚያስር ነገር አለው፣ ሕዋሳትን ከእርጅና የሚከላከል። በማግስቱ ስልኩን ስከፍት ሌላ ሰውዬ እንጉዳይ ይዞ ጠበቀኝ። ከዚያ ሌላ። ዓለም ሁሉ እንጉዳይ እየበላ እኔ ብቻ የቀረሁ መሰለኝ።

የባዮሎጂ መምህሩ ባልደረባዬ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሲሄድ የእንጉዳይ ዘር በጠርሙስ አስመጣሁ። የስንዴ ገለባ ከገበያ ገዝቼ በበርሜል ቀቀልኩ፤ አቀዝቅዤ በትልልቅ ፌስታል ጠቀጠቅኩ፤ ዘሩን መሐል መሐሉ ጨመርኩበት። የቀረው ቦታ ነው። እንጉዳይ ጨለማና ሞቅ ያለ ቦታ ይወዳል። ከተማችን ደግሞ ስሟ እንደሚናገረው ነው፤ ንፋሱ ከየትም ገብቶ በኛ በኩል ነው የሚወጣው። በቤታችን ውስጥ ጨለማም ሙቀትም ያለው አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ፤ የመኝታ አልጋችን ሥር።

ባለቤቴ ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ስሠራ አየችኝ።

«ሰው አልጋው ሥር ጫማ ያስቀምጣል፤ ሻንጣ ያስቀምጣል፤» አለችኝ። «አንተ ገለባ አስገባህ። በሬው መቼ ነው የሚመጣው?»

«ይህ ጤና ነው፣ ስንዱ። ቤታ ግሉካን ነው።»

«እሱንም አልጋው ላይ እንዳታወጣብኝ» ብላ ሄደች።

እውነቷን ነው፣ ሽታው ትንሽ ያስቸግር ነበር። ለሳምንታት አውድማ ላይ ያደርን እየመሰለን ነቃን። አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ ስንዱ ነጠላ ጫማዋን ፍለጋ እጇን ከአልጋው ሥር ሰደደችና ቤቱን በጩኸት አናጋችው።

«ጆሮ! የሰው ጆሮ ነካሁ! ሰው አለ!»

ጎንበስ ብዬ ባየሁ ጊዜ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። እንጉዳዩ በቅሏል! በእርግጥ ጆሮ ይመስላል፤ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ ጆሮ። ፌስታሉን ሁሉ ሞልቶታል። የዚያኑ ቀን ተጠብሶ ስንዱ ቀመሰችው፤ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ድስቱ እያየች «ይጣፍጣል እኮ!» አለች። ሴትዬዋ አንድ ነገር ልክ ሠርቼ ስታገኘኝ ሁልጊዜ እንዲህ ግራ ይገባታል።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሬ ኪኒኗን ተውኩ። ለማንም አልተናገርኩም። በሆዴ «አንድ ቤት ሁለት ሐኪም አያሻውም» አልኩ። አንደኛው ሐኪም አልጋዬ ሥር ነውና ምን ቸገረኝ?

በዚህ መሐል የስንዱ አባት ከወገዳ መጡ።

የኔታ ስማዳ ውስጥ የታወቁ የዜማ መምህር ናቸው፤ ልጃቸው ስንዱ «አባባ» ብትላቸውም እኔም ጎረቤቱም «የኔታ» ነው የምንላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን ከሰው ርቀው፣ ከምግብ ተጣልተው ከስተዋል። ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው እንጀራውን አንድ ጊዜ ቆርሰው ይተዉታል አሉ። ስንዱ ለምና፣ አስለምና፣ በስተመጨረሻም አልቅሳ ነው ወደኛ ያስመጣቻቸው። ሲመጡ ጋቢያቸው ሰው የለበሰው ሳይሆን መስቀያ ላይ የተሰቀለ ይመስል ነበር።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። የኔታ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ስንዱ ሽሮ ትሠራለች፤ አንድ ጉርሻ። ምስር ትሠራለች፤ አንድ ጉርሻ። ሱፍ ፍትፍት፤ እሱንም ለይሉኝታ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ትሪውን ገፋ ያደርጋሉ። ስንዱ ማጀት ገብታ ታለቅሳለች።

«ለምን እንጉዳዩን አንሠራላቸውም?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «በጾም ይሆናል?»

«ከገለባ የበቀለ ነገር፣ ምን ይለዋል?»

በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በበርበሬና በዘይት አድርጋ ቁሌቱ የሠፈሩን አፍንጫ እስኪጎትት ሠራችው። አቅርባልን እህል ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ልትሄድ ስትል በር ላይ ጠጋ ብላ «ምን እንደሆነ ቀድመህ ንገራቸው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ግን ደግሞ አሰብኩ፤ መጀመሪያ ያመስግኑት፣ ከዚያ ነገሩን በሳይንስ አስደግፌ ብገልጥላቸው አይሻልም? መምህር አይደለሁም? ትምህርት የሚሰጠው ተማሪው ሲራብ ነው።

የኔታ ባርከው፣ እንደ ልማዳቸው ጠርዝ ጠርዙን ቆንጠር አድርገው ጎረሱ። አላመጡ። ሁለተኛ ጎረሱ፤ ይህኛው ተለቅ ያለ ነው። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ እጃቸውን ተከትዬ ማየት አቃተኝ።

«ጨምርልኝማ» አሉ።

እልል ልል ነበር፤ አማች መሆኔ ያዘኝ። ጨመርኩላቸው። እሱንም ከወዲያ ከወዲህ ጠራረጉት። ከዚያ ድንገት ማላመጡን አቁመው ቀና አሉ።

«ልጄ።»

«አቤት፣ የኔታ።»

«ይህ ምንድን ነው?»

ይኸውላችሁ፣ «እንጉዳይ ነው» ብል ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ደረቴን ነፋ አድርጌ «ፕሮቲን ነው፣ የኔታ!» አልኳቸው።

«ፕሮቲን?»

«ንጹሕ ፕሮቲን! ውስጡ ደግሞ ቤታ ግሉካን አለ።»

«ቤተ ማን?»

«ቤታ ግሉካን።»

«ቤተ መቅደስ አውቃለሁ፤ ቤተ ልሔም አውቃለሁ፤» አሉ፣ ድምፃቸው እየቀዘቀዘ። «ቤተ ግሉካን የማን ቤት ነው?»

«ቤት አይደለም፣ ንጥረ ነገር ነው…»

«ተወው። ፕሮቲን ያልከውን ግን አውቀዋለሁ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤታችን ድረስ መጥታ አስተምራናለች። ፕሮቲን ማለት ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ነው ብላለች።»

«ባቄላም እኮ ፕሮቲን ነው፣ የኔታ!»

«ይህ ባቄላ ነው?»

«አይደለም።»

«አይደለም!» አሉና ተነሡ። «ልክ ነህ፣ አይደለም። ጥርሴ ቢያረጅም ሥጋ አይጠፋውም። በእመቤታችን ጾም! በገዛ ልጄ ቤት! አሥር ጊዜ አስጨምሬ!»

አሥር ጊዜ እንኳ አልነበረም፤ ግን ለክርክር የሚሆን ሰዓት አላገኘሁም። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። ከመንደር ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ እንዴት ያለ እርምጃ መሰላችሁ! ትናንት የኛን ደረጃ ለመውጣት ክንዴን የተደገፉ ሰው ናቸው። ለአፍታ ያህል ቤታ ግሉካኑ ሥራ ጀመረ ብዬ ደስ ሳይለኝ አልቀረም።

ከዚያ ግን ስንዱ ትዝ አለችኝ። ከወፍጮ ቤት ተመልሳ «አባባስ?» ብትለኝ ምን ልበላት? በፍልሰታ ሥጋ አብልቼ በዝናብ ወደ ወገዳ ሰደድኳቸው? ሰውዬው በዚህ አኳኋን ቢሄዱ ዳግመኛ የልጃቸውን ደጃፍ አይረግጡም። ማስረጃ ያስፈልገኛል። ድስቱን ባየው ተጠርጓል። ሮጬ መኝታ ቤት ገባሁና ጆሮ በጆሮ የሆነውን ፌስታል ከአልጋው ሥር ጎትቼ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌው ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ።

«የኔታ! ሥጋ አይደለም! ይኸው! ይኸው ይዩት!»

ዘወር አሉ። ፌስታሉን አዩት። ከዚያ በፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ የመሰለኝ ነገር ቁጣ አልነበረም፤ ድንጋጤ ነበር።

«የጅብ ጥላ!» አሉ ቀስ ብለው። «የጅብ ጥላ ነው ያበላኸኝ?»

እዚያው መንገድ ዳር ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጢጥ አሉ። ለካ በተማሪነታቸው ዘመን እስቴ ውስጥ አብሯቸው የሚማር ጓደኛቸው ከሜዳ የጅብ ጥላ ለቅሞ በልቶ፣ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰው። ከዚያ ወዲህ እንጉዳይ የሚባል ነገር ባዩ ቁጥር ያማትባሉ። እኔ ሥጋ አለመሆኑን በሚገባ አስረድቻለሁ፤ ግን የጾም ጥፋቴን ወደ ነፍስ ግድያ ነው ያሳደግኩት።

በረንዳው ላይ ዝናብ የተጠለሉ ሰዎች ነበሩ። ወሬ ደግሞ ዝናብ አይጠለልም። ባጃጅ አስቁሜ የኔታን ሳስገባ፣ «የኔታን መርዝ አበሏቸው» የሚለው ቃል ከኛ ቀድሞ ወደ ወፍጮ ቤቱ መንገዱን ጀምሯል።

ባጃጁ ውስጥ የኔታ አንድ ጥግ፣ እኔ ሌላ ጥግ፣ ፌስታሉ መሐል ሆነን ሄድን። የኔታ በለሆሳስ ይጸልዩ ጀመር። ቆየት ብለው እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። በክፋት አላደረግከውም።»

«የኔታ፣ ምንም አይሆኑም። እኔም እኮ ስበላው ከርሜያለሁ።»

«አንተም?» አሉና በኀዘን አዩኝ። «እንግዲያ አንተም ይቅር በለኝ።»

«እኔ ምን በድለውኝ?»

«ስንዱን ልታገባ ሽማግሌ የላክህ ጊዜ፣ ለእናቷ ‹ይህ ልጅ መጽሐፍ ያነበበ ሞኝ ነው› ብያት ነበር።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «ይቅር ብያለሁ፣ የኔታ» አልኳቸው።

«ዛሬ ሳስበው ግን» አሉ፣ ፌስታሉን ገላመጥ አድርገው፣ «ልክ ነበርኩ።»

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ሲስተር ትዕግሥት ተረኛ ሆና አገኘናት። በጥሞና ጠየቀችን። ዘሩ ከየት መጣ? ከሜዳ ተለቅሟል ወይስ ቤት ተዘርቶ ነው? በደንብ በስሏል? ሆድ ይቆርጣል? ያስመልሳል? የባዮሎጂ መምህሩ ጋም ደወለች። ፌስታሉን አገላብጣ አይታ ፈገግ አለች።

«የኔታ፣ አይስጉ። ይህ ለምግብ ተብሎ የሚዘራው ነው። ከሜዳ የሚለቀመውን ግን ለይቶ የማያውቅ ሰው እንዳይነካው፤ የሚገድል አለው። መፍራትዎ ልክ ነው። ለማንኛውም ግፊትዎን ልለካና ጥቂት አርፈው ይሄዳሉ።»

ለካች። «እንደ ወጣት ነዎት» አለቻቸው። የኔታ የኮሩ መሰሉ። ከዚያ ወደኔ ዘወር አለች። «ቲቸር፣ እርስዎም ከመጡ አይቀር።»

ጨርቁ ተነፋ። ፊቷ እንደዚያን ቀኑ ቅጭም አለ። ደግማ ለካች።

«ኪኒኑን እየወሰዱ ነው?»

ዓይኔን ወደ ፌስታሉ መለስኩ።

«ቲቸር?»

«ወደ እንጉዳይ… ተሸጋግሬ ነበር።»

አልጋ ላይ አስተኛችኝ። የዋጥኩት መድኃኒት እስኪሠራ ሳልንቀሳቀስ እንድቆይ አዘዘችና አጠገቤ ቆማ፣ ፈተና የወደቀ ተማሪ የሚመከርበትን ድምፅ ለእኔ አዋለችው።

«እንጉዳይ ጥሩ ምግብ ነው። ቤታ ግሉካን ያሉትም ውሸት አይደለም፤ ለኮሌስትሮልም፣ ሰውነት በሽታን ለሚከላከልበት ኃይልም ይረዳ ይሆናል ብለው ብዙ ሰዎች እያጠኑት ነው። ግን ገና ብዙ የሚቀረው ነገር ነው፤ አይጥ ላይ የታየ ሁሉ ሰው ላይ አይደገምም። ከሽሮዎ ጎን ይብሉት፤ ጨውን ቀንሰው ይብሉት። የኪኒንዎን ቦታ ግን አይስጡት። እሺ?»

«እሺ፣ ሲስተር» አልኩ። እጄንም ላወጣ ትንሽ ነው የቀረኝ።

በዚህ ጊዜ በሩ ተበርግዶ ስንዱ ገባች። ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ዱቄት ናት፤ ዝናቡ ደግሞ አቡክቷታል። አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኔ አልጋ ላይ ተዘርግቼ አየችን።

«አባባን መረዝከው አሉኝ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ታዲያ አንተ ለምንድን ነው የተኛኸው?»

«እኔ ደኅና ነኝ፣ ልጄ» አሉ የኔታ። «የተመረዘው እሱ ነው። እሱንም የመረዘው ስልኩ ነው።»

ሁሉንም አንድ በአንድ ነገሯት። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የሚመጣብኝን አውቃለሁና። ግን ስንዱ አንድ ቦታ ላይ አስቆመቻቸው።

«ቆይ፣ ቆይ። አስጨመርክ?»

«አዎን፣ አስጨመርኩ።»

«ጨረስከው?»

«አዎን፣ ጨረስኩት» አሉ የኔታ፣ ትንሽ አፍረው። «ጣፍጦኝ ነዋ። ለዚህም እኮ ነው ሥጋ ነው ያልኩት።»

ስንዱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እግሬ ላይ ማለት ይቻላል፣ ተቀመጠችና ስታለቅስ ስትስቅ፣ ስትስቅ ስታለቅስ ዱቄቱ በጉንጯ ላይ መስመር ሠራ። ስንት ወር ሙሉ ያልበሉላት አባቷ ናቸው። እኔን መቆጣቱን ረሳችው፤ ለዚያን ቀን ማለቴ ነው።

የኔታ ግን ገና አልጨረሱም። የጾሙ ጉዳይ አለ። ሲስተር ትዕግሥትን ጠሯት።

«ይህ ነገር ደም አለው?»

«የለውም፣ የኔታ።»

«እናት አለችው? ይጠባል? እንቁላል ይጥላል?»

«የለም። ዘር ነው። ገለባውን እየበላ ነው የሚያድገው።»

አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ረጅም ጊዜ አሰቡ። ጎን ያለው አልጋ ላይ የተኛው በሽተኛ ሳይቀር ቀና ብሎ ጠበቀ።

«እንግዲህ በሬም ገለባ ይበላል» አሉ በመጨረሻ፣ «እሱ ሥጋ ነው። ነገር ግን በሬ በራሱ እግር ይሄዳል። ይህ ባለበት የቆመ ነው። አትክልት ነው። ጾም ነው።» ከዚያ ወደ ስንዱ ዘወር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፌስታሉ ውስጥ ያለው ለነገ ይበቃል?»

በቃ። ለነገም ለከነገ ወዲያም በቃ። የኔታ ፍልሰታን ሙሉ እኛ ጋ ሰነበቱ። ጋቢው ቀስ በቀስ ሰው መልበሱ ታወቀ። እኔም ኪኒኔን በስንዱ ዓይን ፊት መዋጥ ግዴታ ሆነብኝ፤ ዋጥኩ ብዬ አፌን ከፍቼ አሳያለሁ። ትምህርት ቤትም በእግሬ እሄዳለሁ። ሲስተር ትዕግሥት በሚቀጥለው ቀጠሮ ለክታ «ጎበዝ» ስትለኝ፣ ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ እንኳ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የኔታ ወደ ወገዳ ሲመለሱ አንድ የተዘራ ፌስታልና አንድ ጠርሙስ ዘር ይዘው ሄዱ። የአውቶቡሱ ረዳት «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ቤተ ግሉካን ነው» ብለው ዝም አሰኙት። ስንዱ ግን ሰላም አጣች። «እዚያ ተመልሶ ብቻውን ከገባ እንደገና መብላቱን ይተወዋል» ትል ነበር።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ደወልንላቸው። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሣ። ከበስተጀርባ ጫጫታ ይሰማል፤ የሰው ሳቅ፣ የትሪ ድምፅ፣ «ወዲህ በል እንጂ!» የሚል የጎረምሳ ጎርናና ድምፅ።

«አባባ፣ ሰው ቤት ነህ እንዴ?» አለች ስንዱ።

«ቤቴ ነኝ» አሉ እየጮኹ። «ይህ የባልሽ ነገር አንዴ ሲበቅል ባንድ ጊዜ ነው፤ ተነቅሎ ደግሞ አያድርም። ለብቻዬ አልችለው! ቄሱንም፣ ዲያቆናቱንም፣ ጎረቤቱንም መጥራት ግድ ሆነብኝ። ሲበቅል እጠራለሁ፤ ሲያልቅ ደግሞ ‹መቼ ነው የሚበቅለው› እያሉ ራሳቸው ይመጣሉ።»

ስንዱ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «አንተስ? እየበላህ ነው?»

«ምን?»

«እየበላህ ነው ወይ?»

«እንዴት አድርጌ ልብላ፣ አንቺ እዚህ አቁመሽኝ!» አሉ የኔታ። «በይ ዝጊው፤ እነዚህ ሰዎች ሳይጨርሱብኝ ልሂድ።»